ዘበኛው

ሃያ ዓመት ሞላኝ ትራም ስነዳ፣
በአንድ ሐዲድ ላይ ማለዳ፣ ማለዳ፣
ከባሕሩ ጠርዝ እስከ ፋብሪካው ዳርቻ፤
ሊዬፓያ ነፋስ ብቻ፣ ነፋስ ብቻ።
ከአናቴ በላይ ስድስት መቶ ቮልት ተዘርግቶ
ውርጭ ሲነካው ብልጭ ይላል፣ ሰማያዊ እሳት ተፍቶ፤
ለሞተሬ ግን ጠብታ የለኝ፤
ምንጭ ሥር ውዬ ጠምቶኝ የምገባ ሰው ነኝ።

ጋራዤ ከቦዩ ማዶ፣ ከተደረደሩት መሀል፣
ቁጥር አርባ ሦስት፤ በሩ ሲከፈት ያቃስታል።
አምፖል የለው፣ ሶኬት የለው፤
ወታደሩ ሲወጣ ሽቦውን ነቅሎ ሄደ፣ ማንም አልመለሰው።

አምና በሚያዝያ ቁልፉን ባዞረው
"ጢቅ" አለችኝ። ከዚያ ዝም። በቃ፣ ይኸው።
ያን ጸደይ ሙሉ፣ ነጂዋ፣ ተሳፋሪ ሆኜ ከረምኩ፤
ለአዲስ ባትሪ የወር አበሌን ከፈልኩ።

ዘንድሮ የፀሐይ ሰሌዳ ገዛሁ፣ የደብተር እኩያ፣
ጠፍሬ አሰርኳት ከጣሪያው ላይ፣ ፊቷን ወደ ደቡብ፣ ወዲያ።
ባልደረቦቼ ሳቁ። እውነት አላቸው፤
የታኅሣሥ ፀሐይ እዚህ እንግዳ ናት፣ ችኩል ናት፣ ምን ልበላቸው፣
ኮቷን ሳታወልቅ፣ ወንበር ሳትስብ፣
ከደጃፍ "ደኅና ዋሉ" ብላ የምትሄድ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ምዕራብ።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ትራሜን ሳላስነሳ፣
መሰላል ላይ ቆሜ በረዶ እጠርጋለሁ በቀለም ብሩሽ፣ ጣት እንዳለኝ እስክረሳ።

ቁጥር አርባ አንድ የገናዲ ነው፤
ድሮ በሰርጓጅ መርከብ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው።
"ባሕር ሥር" ይለኛል፣ "በባትሪ ነው የተነፈስነው፤
ባትሪን ሥራ አይገድለውም፤ ቁጭ ማለት ነው የሚገድለው።"

በጥር አንድ ማታ መለኪያውን ይዞ መጣ።
ሁለቱን ጫፍ ነካ።
አሥራ አንድ ነጥብ ስምንት።
ዝም አለ፤ ዝም አልኩ፤ ሐኪምና አስታማሚ
አልጋ አጠገብ ቆመው ዝም እንደሚሉት።

ከመሪው ሥር፣ በጨለማው፣
ብልጭ፣ ድርግም።
ብልጭ፣ ድርግም።
"ቪልማ፣ ያ ቀይ ዓይን ምንድን ነው?"
"ዘበኛዋ ነው። ሌባ ሲነካት የሚጮኸው።"
"ቀለቡን ማን ይሰፍርለታል?"
መልስ አልነበረኝም።

በካርቶን ብጣሽ ላይ በእርሳስ ደመረ፤
ሰሌዳዋ በቀን የምትለቅመውን፣
እሱ ቀን ከሌት የሚጠጣውን።
ከመስመሩ በታች የወጣው ቁጥር ተቀናሽ ነበረ።

ሌባስ አልመጣብኝም፤ ሌባ የሚጠብቀው
ነው ሌት ሌት ጓዳዋን የሚያራቁተው።
እኔ ከሰማይ በማንኪያ ስለምን
እሱ በጭልፋ ይቀዳው ነበር፣ ዓይኑን እያርገበገበ፣ ታማኝ መስሎን።

ባለ አሥር ቁልፍ አቀበለኝ። ጥቁሩን ሽቦ ፈታሁ፤
የሰሌዳዋን ቀጭን ክር ብቻ ተውኩ። ዓይኑ ጠፋ። ፈራሁ።
"አሁን ማን ይጠብቃታል?"
"እኔ" አለ ገናዲ። "የሰርጓጅ ሰው ሌሊት መች ይተኛል።
ቀለቤን ግን ስፈሪልኝ፤
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የተጨሰ ዓሣ።"
ሲስቅ ሳል ያዘው።

በሦስተኛው ሳምንት አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት፤
ካርቶኑ ላይ ጻፍኩት፤ ገናዲ ከሥሩ ዓሣ ሣለበት።

ዛሬ፣ በየካቲት፣ ድልድዩ ጋ ትራሜን አቁሜ ሳለሁ
ፀሐይ መጣች። በመስተዋቱ ዘልቃ
ጉልበቴ ላይ ተቀመጠች፤
ቀስ ብላ፣ ቁልፉን አንድ ባንድ ፈትታ፣ ኮቷን አወለቀች።
ማዶ ጣሪያው ላይ ያለችውን አሰብኩ።

አንዲት ሴትዮ መስኮቴን አንኳኳች፤ "አንሄድም እንዴ?"
እንሄዳለን።
ቆይ ግን፣ አንድ ጊዜ፤
ትቅዳላት።